ቼክቴክ በአማርኛ የላቴክ ፋይል ላይ፦ ጥቅስ በሌለበት መስመር 19ኛው ማስጠንቀቂያ ለምን ይወጣል?

የማታ ጸሐፊ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የድኅረ ምረቃ ማሟያ ጽሑፌን በአማርኛ የማዘጋጀው በላቴክ (ጽሑፍን በትእዛዝ በሚያቀናብረው ሥርዓት) ነው። ጥናቱ የሴማዊ ቋንቋዎችን የግስ እርባታ የሚያነጻጽር ሲሆን፣ ስድስቱ ምዕራፎች በየራሳቸው ፋይል ተጽፈው ከአንድ ዋና ፋይል ይጠራሉ፤ ወደ ፒዲኤፍ የምቀይረው በዚላቴክ ነው፣ ፎንቱም አቢሲኒካ ነው። (የትእዛዞችንና የመሣሪያዎችን ስም እንደሚነበብ አድርጌ ጽፌአለሁ፤ በተርሚናል ላይ ሁሉም በላቲን ፊደል የሚገቡ መሆናቸው የታወቀ ነው።)

ሰሞኑን አንድ ቦታ ላይ የከፈትኩትን ጥምዝ ቅንፍ ሳልዘጋ ቀርቻለሁ። ዚላቴክ ግን ስሕተት መኖሩን የሚነግረኝ ቅንፉ በተከፈተበት መስመር ላይ ሳይሆን ብዙ ገጽ አልፎ፣ አንዳንዴም የሰነዱ መጨረሻ ላይ ደርሶ ስለሆነ፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ ምዕራፎቹን አንድ በአንድ እያወጣሁና እየመለስኩ ስፈልግ አደርኩ። አንድ የማውቀው ሰው «ኮምፓይል ከማድረግህ በፊት ፋይሉን በቼክቴክ ፈትሸው» አለኝ። የላቴክ ፋይሎችን ስሕተት የሚለቅመው ይህ መሣሪያ ከቴክ ላይቭ (ከላቴክ ፕሮግራሞች ጥቅል) ጋር አብሮ ተጭኖ ስለነበር ተርሚናል ከፍቼ ስሙን፣ ቀጥሎም የሦስተኛውን ምዕራፍ ፋይል ስም ጻፍኩ።

ከአራት መቶ የማያንስ ማስጠንቀቂያ ዘረገፈልኝ። አብዛኛው ቁጥር 19 የሚል ሲሆን መልእክቱ በግርድፉ «በ´ (አስኪ 180) ፋንታ ' (አስኪ 39) መጠቀም ይገባል» ይላል። እኔ ግን በጽሑፌ ውስጥ ከሁለቱ አንዱንም አልተጠቀምኩም፤ ጥቅስ ሲያስፈልገኝ የምጽፈው በ« እና በ» ነው። ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ነገር ማስጠንቀቂያው በሁሉም መስመር ላይ አለመውጣቱ ነው። «የጥናቱ ዘዴ» የሚለው ክፍል ዳር እስከ ዳር በማስጠንቀቂያ ሲሞላ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አንቀጾች አንድም የለባቸውም። ስሕተቱ ያለበትን ቦታ የሚጠቁመው የ^ ምልክትም ከመስመሩ መጨረሻ አልፎ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ይታያል።

ፋይሌ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሜ የማይታይ ምልክት እያስገባ ነው? ወይስ ይህ መሣሪያ ለአማርኛ ጨርሶ አይሆንም?


ባይት ቆጣሪ፦

ፋይልዎ አልተበላሸም፤ መጻፊያ ፕሮግራምዎም ምንም ስውር ነገር አላስገባም። ማስጠንቀቂያ የወጣባቸውን መስመሮች እንደገና ይመልከቷቸው፦ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ከሴ፣ ከቴ፣ ከዴ ወይም ከጴ አንዱ አለ ብዬ እወራረዳለሁ። የጥናትዎ ርእስ ላይ «ሴማዊ»፣ የክፍልዎ ርእስ ላይ ደግሞ «ዘዴ» የሚል ቃል መኖሩ ዕድልዎ ሆኖ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቼክቴክን የንስ ቤርገር ቲሌማን በሲ ቋንቋ የጻፈው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የነበሩት የላቴክ ፋይሎች አንድ ፊደል በአንድ ባይት (ከ0 እስከ 255 ባለ አንድ ቁጥር) የሚቀመጥባቸው ነበሩ። የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች በሚጠቀሙበት የላቲን 1 ሰንጠረዥ ውስጥ ቁጥር 180 የ´ ምልክት ነው፤ በአንዳንድ የአውሮፓ ኪቦርዶች ላይ ሰዎች ይህን ቁልፍ በስሕተት በአፖስትሮፍ ፋንታ ስለሚመቱት፣ መሣሪያው ባይት 180 ባጋጠመው ቁጥር ያስጠነቅቃል። (የአስኪ ሰንጠረዥ በ127 ስለሚያበቃ «አስኪ 180» የሚለው አነጋገር ራሱ ስሕተት ነው፤ የስሕተት አራሚ ስሕተት ብለን እንለፈው።)

የእኛ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች የጋራ የቁጥር ሰንጠረዥ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዕትም 3.0 ነው። በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድን በባይት የማስቀመጫ ዘዴ) ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሴ የሚቀመጠው 225፣ 136፣ 180 ሆኖ ነው፤ ቴ 225፣ 137፣ 180 ነው፤ ዴ 225፣ 139፣ 180፤ ጴ 225፣ 140፣ 180። ዚላቴክ ሦስቱን ባይት አንድ ላይ አድርጎ «ሴ» ብሎ ሲያነብ፣ ቼክቴክ ግን ሦስት የተለያዩ ምልክቶች አድርጎ ስለሚያያቸው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የጥቅስ ስሕተት ያገኘ ይመስለዋል። ማብራሪያ መጽሐፉም ዩኒኮድን እንደማያውቅና ይህ ማስጠንቀቂያ በዚህ ምክንያት ያለ ቦታው ሊወጣ እንደሚችል ይናገራል።

ኃምሶቹ ብቻ፣ እነርሱም የእነዚህ ቤቶች ኃምሶች ብቻ የሆኑበት ምክንያት የፊደል ገበታው በዩኒኮድ የተደረደረበት መንገድ ነው። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ይይዛል፤ የመጨረሻው ባይት ደግሞ በየ64 ቦታው ይደገማል፤ ስለዚህ በየስምንት ቤቱ ተመሳሳይ ባይት እናገኛለን ማለት ነው። ከሰ ተነሥተው በሸ፣ በቀ፣ በቈ፣ በቐ፣ በቘ፣ በበ እና በቨ በኩል ቢቆጥሩ ስምንተኛው እርምጃ ተ ላይ ያደርስዎታል። በዚሁ መንገድ ሲቀጥሉ ኰ፣ ደ፣ ጰ ይመጣሉ። ከቁጥሮቻችን መካከል ደግሞ ፴ የዚሁ ዕጣ ተካፋይ ናት፤ ሠላሳን በግእዝ ቁጥር የጻፈ ሰው ሁሉ የጥቅስ ጥፋተኛ ይባላል።

በዓይንዎ ለማየት ከፈለጉ ሁለት መስመር ብቻ ያለው ፋይል ይፍጠሩ፤ በመጀመሪያው ላይ «ሴት»፣ በሁለተኛው ላይ «ልጆች» ብለው ይጻፉና ያስፈትሹት። የመጀመሪያው ይከሰሳል፣ ሁለተኛው በነፃ ይለቀቃል። የ^ ምልክቱም ከቦታው የሚርቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መሣሪያው የሚቆጥረው በባይት ስለሆነ ለአንድ ፊደል ሦስት እርምጃ ይሄዳል። ያለ ክፍት ቦታ በተጻፈ አማርኛ ላይ ዓምድ 61 ቢልዎት እውነተኛው ቦታ 21ኛው ፊደል ነው።

መፍትሔው ይህን አንድ ማስጠንቀቂያ ማጥፋት ነው። በትእዛዙ ላይ ሰረዝ፣ ትንሹ ኤን እና 19 አያይዘው ቢጽፉ ለዚያ ጊዜ ብቻ ይጠፋል። ሁልጊዜ እንዲጠፋ ከፈለጉ በመኖሪያ ማውጫዎ ወይም በጽሑፉ ማውጫ ውስጥ በሚቀመጠው የቼክቴክ ማዋቀሪያ ፋይል (ስሙ በነጥብ ይጀምራል) ላይ፣ ሲኤምዲላይን በሚለው ዝርዝር ጥምዝ ቅንፎች መካከል ይህንኑ ያስገቡት። በመስመር መጨረሻ ላይ የ% ምልክት፣ የመሣሪያውን ስምና ቁጥሩን በመጻፍ ለአንድ መስመር ብቻ ማጥፋትም ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ በጥቂት መስመሮች ላይ ሆን ተብሎ ለተጣሰ ደንብ የሚሆን እንጂ ለአራት መቶ መስመር የሚሆን አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ችግርዎ። ያልተዘጋ ቅንፍ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሌላውን ሁሉ ዝም ማሰኘት አለበት። ከኤን በኋላ «ኦል» የሚለውን ቃል አስገብተው ሁሉንም ያጥፉ፣ ከዚያ በትንሹ ደብሊው 9ን፣ 10ን፣ 15ን እና 17ን ብቻ ይመልሱ። 9 የሚወጣው አንድ ዓይነት መዝጊያ ሲጠበቅ ሌላ ሲገኝ ነው፣ ለምሳሌ } መምጣት ሲገባው ) ከመጣ። 10 ጓደኛ የሌለውን መዝጊያ ይጠቁማል። 15 መዝጊያ ያልተገኘለትን መክፈቻ የሚያመለክት ሲሆን፣ የሚሰጥዎትም መክፈቻው ያለበትን መስመር ነው፤ ዚላቴክ ሊነግርዎ ያልቻለው ይህንን ነው። 17 በፋይሉ ውስጥ የመክፈቻና የመዝጊያ ቅንፎች ብዛት አለመመጣጠኑን ብቻ ይናገራል። ፍተሻውን በዋናው ፋይል ላይ ሳይሆን ምዕራፍ በምዕራፍ ያድርጉት፤ 17 የወጣበት ምዕራፍ ታማሚው እርሱ ነው፣ 15 ደግሞ ሕመሙ ያለበትን ቦታ ይነግርዎታል።


ደረቅ ኮድ፦

ከላይ የተሰጠው የባይት ማብራሪያ ትክክል ነው፤ የምክሩን መጨረሻ ግን አልቀበለውም። አንድ መሣሪያ ቋንቋዬን በባይት ቆራርጦ የሚያነብ ከሆነ ማስጠንቀቂያውን እያጠፉ ከማባበል ይልቅ መሣሪያውን መተው ይሻላል። ቼክቴክ ከሚያወጣቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ማስጠንቀቂያዎች መካከል ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ የኅትመት ልማድ ናቸው። በምሳሌነት 12ኛውን ብንወስድ፣ ከምሕጻረ ቃል ነጥብ በኋላ የሚመጣው ክፍት ቦታ እንደ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ እንዳይሰፋ የሚያስጠነቅቀው ቀጣዩ ፊደል ትንሽ የላቲን ፊደል መሆኑን አይቶ ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል በሌለው ጽሑፍ ላይ ይህ ደንብ ዝም ከማለት በቀር ምንም አይሠራም፤ «ዓ.ም.» ብለን ሺህ ጊዜ ብንጽፍ አያየንም። ለቅንፍና ለተከፈተ አካባቢ (በመክፈቻና በመዝጊያ ትእዛዝ ለተከበበ የጽሑፍ ክፍል) ብቻ ከሆነ ክሬስተን ክራብ ቶሩፕ የጻፈው ላቼክ ይበቃል። ያለ ምንም ማዋቀሪያ ፋይል ይሠራል፣ ወሬም አያበዛም።


ባይት ቆጣሪ፦

ላቼክን እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ለፈጣን ፍተሻም መልካም ነው። ችግሩ አንድን መልእክት ለይቶ የማጥፊያ መንገድ የሌለው መሆኑ ነው፤ የማያስፈልገን መልእክት ሲመጣ ወይ ሁሉንም ማንበብ ወይ ውጤቱን በግሬፕ (በተርሚናል የቃል መፈለጊያ) ማጣራት ይኖርብናል። የቼክቴክ ማስጠንቀቂያዎች ቁጥር ስላላቸው ግን የማይረባውን አንድ ጊዜ አሰናብተን የሚረባውን እናስቀራለን።

«የእንግሊዝኛ ልማድ» የተባለውም ሁሉንም አይመለከትም። 2ኛውን ይውሰዱ። «ሠንጠረዥ» ወይም «ምዕራፍ» ከሚል ቃል በኋላ ክፍት ቦታ ትተን ቁጥሩን የሚያመጣውን የሬፍ ትእዛዝ ስንጽፍ፣ በክፍት ቦታው ፋንታ ~ እንድናስገባ ያሳስበናል። ይህ ካልተደረገ «ምዕራፍ» በአንድ መስመር መጨረሻ፣ «4» ደግሞ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ይህ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እኩል ያስቀይማል። የሚያየው ከትእዛዙ በፊት ያለውን ክፍት ቦታ እንጂ ፊደሉን ስላልሆነ በእኛም ጽሑፍ ላይ በትክክል ይሠራል። 8ኛውም በዓመተ ምሕረትና በገጽ ቁጥሮች መካከል አጭር ሰረዝ ስናስገባ ይይዘናል፤ «ገጽ 45-52» ሳይሆን በሁለት ሰረዝ «45--52» ተብሎ እንዲጻፍ ይፈልጋል። 42ኛው ከግርጌ ማስታወሻ ትእዛዝ በፊት የተተወውን ክፍት ቦታ ያሳያል፤ ያ ክፍት ቦታ ካልተነሣ የማስታወሻው ቁጥር ከቃሉ ተነጥሎ ይቀመጣል።


የአራሚው ጠረጴዛ፦

በውይይቱ ላይ አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ። የምሠራው በጽሑፍ አርትዖት ላይ ሲሆን፣ በአማርኛ የላቴክ ፋይሎች ውስጥ ከቅንፍ ስሕተት ይልቅ እጅግ የሚበዛው የሥርዓተ ነጥብ ስሕተት ነው። ቼክቴክ ይህን በራሱ አያውቅም፤ ነገር ግን ሊማር ይችላል።

በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ዩዘርዋርን የሚባል ዝርዝር አለ። በጥምዝ ቅንፎቹ መካከል ያስገባነውን ማንኛውንም የምልክት ቅደም ተከተል በፋይሉ ውስጥ ባገኘው ቁጥር 20ኛውን ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ከላይ እንደተባለው የሚያወዳድረው ባይት ከባይት ጋር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ይህ ድክመቱ ጥቅም ይሆናል፣ ምክንያቱም የፈለግነው ቃል ባይቶች እንዳሉ ሲገኙ ምንም የፊደል ዕውቀት አያስፈልገውም። እኔ በመጀመሪያ የማስገባው ፡፡ ነው። ሁለት የቃል መለያ ነጥቦችን ጎን ለጎን ጽፎ አራት ነጥብ ያስቀመጠ የሚመስለው ጸሐፊ ብዙ ነው፤ በወረቀት ላይ ዓይን ላይለየው ይችላል፣ በኮምፒውተሩ ዘንድ ግን ። አንድ ምልክት ሲሆን ፡፡ ሁለት ነው፤ በፒዲኤፉ ውስጥ አራት ነጥብን የሚፈልግ ሰው እነዚህን አያገኛቸውም። ቀጥሎ በላቲን ሁለት ነጥብ የተሠራውን :: አስገባለሁ። ከዚያ ደግሞ ከፊቱ ክፍት ቦታ ያለበትን ። እና ፣ እጨምራለሁ፤ እነዚህ ክፍት ቦታ ስላለባቸው በጥንድ የጥቅስ ምልክት " " መከበብ አለባቸው፣ ካልሆነ መሣሪያው ክፍት ቦታውን እንደ መለያያ ቆጥሮ ምልክቱን ብቻውን ይወስድና በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይጮኻል። ከፊታቸው ክፍት ቦታ ያለባቸውን ሥርዓተ ነጥቦች የሚይዘው 26ኛው ማስጠንቀቂያ የላቲኖቹን ብቻ ስለሚያውቅ ይህ ድካም ከንቱ አይደለም።

አንድ የማይቻል ነገር ልንገራችሁ፦ 17ኛው ማስጠንቀቂያ ( [ { እና መዝጊያዎቻቸውን እንጂ « እና »ን አይቆጥርም። ተከፍቶ ያልተዘጋ ጥቅስ ለመፈለግ በየምዕራፉ ግሬፕን በትንሹ ኦ ጠርቼ እያንዳንዱ ምልክት ስንት ጊዜ እንደተገኘ እቆጥርና ሁለቱን አነጻጽራለሁ። ሸካራ ዘዴ ነው፤ ሆኖም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሦስት ገጽ ሙሉ ጥቅስ ሆኖ የቀረ ምዕራፍ አግኝቼበታለሁ።


የማታ ጸሐፊ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ውርርዱን ባይት ቆጣሪ አሸንፈዋል፤ ሁለት መስመር ያለውን ፋይል ፈጥሬ ስሞክር «ሴት» ተከሰሰ፣ «ልጆች» አልተከሰሰም። 19ኛውን ካጠፋሁ በኋላ ከአራት መቶ በላይ የነበረው ወደ ሰባ ገደማ ወረደ። 9ን፣ 10ን፣ 15ን እና 17ን ብቻ አስቀርቼ ምዕራፎቹን በየተራ ሳስፈትሽ ጥፋቱ ሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ መሆኑ በ17 ታወቀ፤ 15 የጠቆመኝ መስመር ላይ ስሄድ በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ የግእዝ ቃል በሰያፍ ለማውጣት የከፈትኩት ቅንፍ ሳይዘጋ ቀርቶ አገኘሁት። ሁለት ሌሊት የፈለግሁትን ነገር በአንድ ደቂቃ ማግኘቴ ደስ ሊያሰኘኝ ሲገባ ትንሽ አናዶኛል።

የአራሚውንም ምክር ተቀብዬ ፡፡ን በዝርዝሩ ውስጥ አስገባሁ፤ «እኔ እንዲህ አልጽፍም» ብዬ ነበር፣ ግን ከሌላ ፋይል ገልብጬ ባመጣኋቸው የቃለ መጠይቅ ጥቅሶች ውስጥ ሞልቷል።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። በአባሪው ውስጥ የፓይተን ፕሮግራም የማሳይበት፣ እኔ ራሴ ስም ያወጣሁለት አካባቢ አለ። ቼክቴክ ይዘቱን እንዲዘለው ስሙን ቨርብኤንቪር በሚባለው ዝርዝር ውስጥ አስገባሁ፤ የእኔ አካባቢ ተዘለለ፣ ነገር ግን ከዚያ በፊት በሰላም ያልፍ የነበረው የቨርባቲም (ጽሑፍን እንዳለ የሚያሳየው) አካባቢ አሁን በማስጠንቀቂያ ተሞላ። የጻፍኩት የዝርዝሩን ስም፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያም የአካባቢዬን ስም በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ነው።


ባይት ቆጣሪ፦

የእኩል ምልክቱን ያንሡት። ቼክቴክ መጀመሪያ የራሱን አጠቃላይ ማዋቀሪያ ያነባል፣ ቀጥሎ የእርስዎን፤ ያለ = የተጻፈ ዝርዝር በነበረው ላይ ይጨመራል፣ በ= የተጻፈ ግን የነበረውን ሰርዞ በቦታው ይተካል። ቨርባቲም ከዝርዝሩ የወጣው ለዚህ ነው። ያው ነገር በዩዘርዋርንም በሲኤምዲላይንም ላይ ይሠራል፤ ስለዚህ ምልክቱን ሌላም ቦታ አስገብተው ከሆነ አብረው ይመልከቱት።


የማታ ጸሐፊ፦

ሲኤምዲላይን ላይም ነበር። ሁለቱንም አንሥቼ አሁን በትክክል ይሠራል።